ፓራጃኖቭ የፎቶ አልበም አይደለም የሠራው፦ ለሰሞኑ ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ ከግሩፕ ወደ ግሩፕ ሲዞር የከረመ ረዘም ያለ ጽሑፍ አለ፣ ስለ ሶቪየቱ የፊልም ዲሬክተር ስለ ሰርጌይ ፓራጃኖቭ። ፊልም የሚወድ ሰው ሁሉ ሼር አድርጎታል፣ ከሥሩም «እኔም እንደዚህ ነበር የሚሰማኝ ግን ለመናገር ፈርቼ ነው» የሚል ኮመንት ተደርድሯል። ጽሑፉ በደንብ የተጻፈ ነው፣ ስድብ የለበትም፣ ጸሐፊው ፊልሞቹን ቁጭ ብሎ እንዳየም ያስታውቃል። ግን አብዛኛው ሐሳቡ ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ፣ በተለይ ስለ ሰውዬው እስር የተባለው ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፣ ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስለት።

መጀመሪያ ያለውን ሳላጣምም ላስቀምጥ። አንደኛ፣ «የሮማን ቀለም» የሚባለው ፊልሙ ፊልም ሳይሆን የፎቶ አልበም ነው፣ ካሜራው አይንቀሳቀስም፣ ታሪክም የለውም ይላል። ሁለተኛ፣ ስለ ባለቅኔው ሳያት ኖቫ ነው ተብሎ ተሠርቶ ስለ ሳያት ኖቫ ምንም አያስተምርም። ሦስተኛ፣ ፓራጃኖቭ ይሄን ስታይል የያዘው ታሪክ መተረክ ስላቃተው ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ፊልሞቹ ድክመት ለዚህ ምስክር ነው። አራተኛ፣ ተጨቆነ ተሰቃየ የሚባለው ምዕራባውያን የጻፉለት ገድል ነው፣ መንግሥት ገንዘብ ሰጥቶ ፊልም አሠርቶታል፣ የታሰረውም በተራ ወንጀል ነው። አምስተኛ፣ በዕድሜ ልኩ አራት የረባ ፊልም የሠራ ሰው ከታላላቆቹ ተርታ የተሰለፈው እስር ቤት ስለገባ ብቻ ነው። በመጨረሻም ወደኛ ልጆች ዞሮ፣ ፓራጃኖቭን እያያችሁ ያማረ ምስል ከምትደረድሩ ታሪክ መጻፍ ተማሩ ይላል።

ከአንደኛው ልጀምር፣ ሌላው ሁሉ የቆመው እሱ ላይ ነውና። ካሜራው አይንቀሳቀስም የሚለው በአብዛኛው እውነት ነው፣ እንደተተከለ ነው የሚያየው፣ ሰዎቹም ፊት ለፊት ቆመው እኛኑ ያዩናል። ታሪክ የለውም የሚለው ግን በፍጹም ልክ አይደለም። ፊልሙ 80 ደቂቃ እንኳን አይሞላም፣ በዚህች ጊዜ ውስጥ ግን የአንድ ሰው ሕይወት ከልጅነት እስከ ሞት በቅደም ተከተል ተቀምጧል፦ ልጅነቱ፣ ጉርምስናው፣ በንጉሡ ግቢ የነበረበት ጊዜና ፍቅሩ፣ ገዳም መግባቱ፣ ሕልሙ፣ እርጅናው፣ ከሞት መልአክ ጋር መገናኘቱ፣ ከዚያ ሞቱ፣ ምዕራፍ በምዕራፍ ተከፋፍሎ። ወደኋላ እየተመለሰ ወደፊት እየሄደ ግራ የሚያጋባ ነገር የለውም። ፊልሙ የጎደለው ንግግር ነው እንጂ ታሪክ አይደለም፣ ሰዎቹ ተቀምጠው «እንዲህ ሆንኩ፣ እንዲህ ተሰማኝ» አይባባሉም፣ በቃ ልዩነቱ ይሄ ነው።

አንድ ሲን ልውሰድ። መጀመሪያው አካባቢ ዝናብ ይመጣና የገዳሙ መጻሕፍት ይርሳሉ። ውሃውን ከላያቸው በድንጋይ ተጭነው ያወጡላቸዋል፣ ከዚያ እንዲደርቁ ጣሪያ ላይ ይዘረጓቸዋል፣ ንፋሱ ገጹን እያገላበጠ ትንሹ ልጅ በመጻሕፍቱ መካከል እጁን ዘርግቶ ይተኛል። ካሜራው ንቅንቅ አላለም። ግን በዚያች ደቂቃ ልጁ መጽሐፍ ክብደት እንዳለው፣ እንደሚጎዳ፣ አዋቂ ሰዎች ተጨንቀው እንደሚንከባከቡት አይቷል፣ ባለቅኔ የሆነው እዚያ ጋ ነው። ቀጥሎ ደግሞ ከማቅለሚያው ጋን የወጣ የሱፍ ክር ቀለሙ እየተንጠባጠበ ያያል። ይሄ የአንድ ልጅ ዓይን እንዴት እንደተከፈተ የሚተርክ ነው እንጂ ጌጥ አይደለም፣ በንግግር ቢነገረን ኖሮ «ልጁ መጽሐፍና ቀለም ይወድ ነበር» ከሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አያልፍም ነበር።

ሌላም አለ። ወጣቱን ባለቅኔና የሚወዳትን ልዕልት የምትጫወተው አንዲት ሴት ናት፣ ጆርጂያዊቷ ሶፊኮ ቺያውሬሊ፣ በዚያው ፊልም ሌሎች ገጸ ባሕርያትንም ትጫወታለች። ወዳጁና ተወዳጇ አንድ ፊት አላቸው ማለት ነው፣ ይሄ ስለ ፍቅር የተነገረ ትልቅ ነገር ነው፣ ማንም አፉን ሳይከፍት። ባለቅኔው ገዳም ከገባ በኋላ ደግሞ ካቶሊኮሱ፣ የአርመን ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ ማለት ነው፣ ይሞታሉ፣ መቃብራቸው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲቆፈር በር ተከፍቶ በጎች ይገባሉ፣ ይገባሉ፣ ወለሉ እስኪጠፋ ድረስ ቤቱን ይሞሉታል። እረኛቸው የሞተባቸው በጎች። ወንጌል የሰማ ሰው ይሄን ሲን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ፎቶ አልበም ነው ለሚለው ደግሞ የፊልሙን የመጀመሪያ ምስሎች ማየት ይበቃል፦ ነጭ ጨርቅ ላይ የተቀመጡ ሦስት ሮማኖች፣ ከሥራቸው ቀይ ጭማቂ ቀስ እያለ ጨርቁን ሲይዝ። ፎቶ ቢሆን ወይ ነጩን ጨርቅ ታያለህ ወይ ቀዩን። እዚህ ግን ነጩ ወደ ቀይ ሲሄድ እየጠበቅክ ነው የምታየው፣ መጠበቁ ነው የሚያስጨንቅህ፣ እና ጊዜ የሚፈልግ ምስል ፊልም ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

የገረመኝ ደግሞ ይሄ ተቃውሞ ከኛ ሰው መምጣቱ ነው። የአርመን ቤተ ክርስቲያንና የኛ ተዋሕዶ በእምነት አንድ ናቸው፣ ፓራጃኖቭ ሹት በሚያደርግበት ዘመን አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. ጥር 1965 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፣ የአርመኑ ካቶሊኮስ ቫዝገን ቀዳማዊ ለኦሪየንታል አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ አዲስ አበባ መጥተው ነበር። ፓራጃኖቭ ደግሞ ይሄን አቀራረብ የወሰደው ከአርመን የብራና ሥዕሎች ነው። የኛን የጊዮርጊስ ሥዕል አስቡት፣ ነጭ ፈረስ፣ ከሥሩ ዘንዶው፣ ዛፉ ላይ ብሩታዊት፣ ሁሉም ትልልቅ ዓይናቸውን ወደኛ አድርገው። ጥልቀት የለውም፣ እንቅስቃሴ የለውም፣ ግን ፊደል ያልቆጠሩ እናት ከዚያ ሥዕል ሙሉውን ተአምር አንብበው ይነግሩሃል። ያንን ሥዕል ታሪክ የለውም የሚል ሰው የለም። ሌላው ዓለም «የሮማን ቀለም»ን ለማየት ዓይኑን እንደ አዲስ ማሠልጠን አለበት፣ እኛ ግን ትንሽ ቀደም ብለን የተማርነው ነው።

ወደ ሁለተኛው። ስለ ሳያት ኖቫ አያስተምርም ይላል፣ እውነት ነው አያስተምርም፣ አስተምራለሁም አላለም። ፊልሙ ሲጀምር ራሱ በጽሑፍ የባለቅኔውን የሕይወት ታሪክ ለመተረክ እንዳልተሠራ፣ ውስጣዊ ዓለሙን ለማሳየት እንደተሠራ ይናገራል። ቃል ያልገባውን አላደረገም ብሎ መክሰስ አይሆንም። ሳያት ኖቫ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ነው፣ በአርመንኛ፣ በጆርጂያኛና በአዘርባጃንኛ የገጠመ፣ በንጉሥ ኤሬክሌ ሁለተኛ ግቢ አዝማሪ የነበረ፣ ኋላ ክህነት የገባ፣ በ1795 የፋርሱ አጋ መሐመድ ካን ጦር ትብሊሲን ሲወር የተገደለ። ይሄን ሳያውቅ የሚያይ ሰው መጀመሪያ ላይ እንደሚደናገር እቀበላለሁ፣ ከማየቱ በፊት ስለ ሰውዬው ትንሽ ቢያነብ በጣም ይጠቅመዋል።

ግን ጸሐፊው ልብ ያላለው አንድ ነገር አለ፣ ይሄ ያቀረበው ክስ ቃል በቃል ሊባል በሚችል ደረጃ የሶቪየት የፊልም ባለሥልጣናት ያቀረቡት ክስ ነው። ሕዝቡ ከዚህ ፊልም ስለ ባለቅኔው ምንም አይማርም ብለው ነው «ሳያት ኖቫ» የሚለውን ስም ከርዕሱ ያስነሱት፣ «የሮማን ቀለም» የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። በ1969 አርመን ውስጥ ታየ፣ ለቀረው የሶቪየት ተመልካች ደግሞ ሰርጌይ ዩትኬቪች የሚባል ሌላ ዲሬክተር ይገባል ብሎ ባሰበው መንገድ እንደገና ኤዲት አደረገው። ይሄ ነገር ኋላ ስለሚያስፈልገኝ ያዙልኝ።

ሦስተኛው ላይ ብዙ አልቆይም። የመጀመሪያዎቹ ፊልሞቹ ደካማ ናቸው፣ ልክ ነው። ሞስኮ የፊልም ትምህርት ቤት ኢጎር ሳቭቼንኮ ጋር ተምሮ ኪየቭ ዶቭዤንኮ ስቱዲዮ ከገባ በኋላ ከ1954ቱ «አንድሪየሽ» ጀምሮ የሠራቸውን ራሱ ፓራጃኖቭ የማይረቡ ናቸው ብሎ ክዷቸዋል፣ የሩሲያዊውን ዲሬክተር የታርኮቭስኪን «የኢቫን ልጅነት» ካየ በኋላ ነው መንገዱን የቀየረው። ታሪክ መተረክና ካሜራ ማንቀሳቀስ ስላልቻለ ነው ቆሞ የቀረው የሚለው ግን «የተረሱ አባቶች ጥላ» የሚባለውን ፊልም ሲያገኝ ይፈርሳል። ይሄ ፊልም በ1965 የወጣ ነው፣ በዩክሬናዊው ደራሲ በኮትሲዩቢንስኪ ድርሰት ላይ የተመሠረተ፣ ካርፓቲያ ተራሮች ላይ ስለሚኖሩ ሁጹል ስለሚባሉ ሰዎች፣ ቤተሰቦቻቸው ደመኛ የሆኑ ሁለት ልጆች ይዋደዳሉ፣ ልጅቷ ወንዝ ይወስዳታል፣ እሱ ሌላ አግብቶ አይረሳትም። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ታሪክ የት ይገኛል? ካሜራው ደግሞ አንድ ደቂቃ አያርፍም፣ ዛፍ ሲወድቅ ከዛፉ ጋር ቁልቁል ይወርዳል፣ ከሰዎቹ ጋር እየተሽከረከረ ይሮጣል፣ የልጁ አባት በመጥረቢያ ሲመታ ደም በሌንሱ ላይ ይፈስና ቀያይ ፈረሶች በሰማይ ያልፋሉ። የካሜራ ባለሙያው ዩሪ ኢሊየንኮ ነው። እና ይሄን የሠራ ሰው ነው ከዓመታት በኋላ ካሜራውን ተክሎ ያቆመው። መንቀሳቀሱን ችሎበት፣ ተሸልሞበት፣ ከዚያ አውቆ ተወው። የቻሉትን መተው ካለመቻል ጋር አንድ አይደለም።

አሁን ወደ አራተኛው፣ ይሄን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ እሱ ነው።

መንግሥት ገንዘብ ሰጥቶታል፣ አዎ ሰጥቶታል፣ ሶቪየት ውስጥ ፊልም የሚሠራበት ሌላ ገንዘብ አልነበረም፣ ስቱዲዮው ሁሉ የመንግሥት ነው። ይሄን ውለታ ብሎ መቁጠር ግን ይከብዳል፣ ምክንያቱም ያው እጅ ነው የከለከለውም። በ1966 «የኪየቭ ፍሬስኮዎች» የሚባለውን ገና ሙከራ ቀረጻ ላይ እያለ አቆሙበት፣ ወደ አርመን የሄደውም ከዚያ በኋላ ነው። ካቀረባቸው ስክሪፕቶች ውስጥ ወደ ፊልም የተለወጡት ጥቂቶቹ ናቸው።

በተራ ወንጀል ታሰረ ለሚለው ቅደም ተከተሉን እንይ። መስከረም 1965 ኪየቭ ውስጥ «የተረሱ አባቶች ጥላ» ሲመረቅ ኢቫን ድዚዩባ የሚባለው ሃያሲ መድረክ ላይ ወጥቶ በዩክሬን ምሁራን ላይ እየተካሄደ ያለውን አፈሳ አጋለጠ፣ አዳራሹ ውስጥ ጋዜጠኛው ቾርኖቪልና ባለቅኔው ስቱስ ተቃውሞውን ደገፉ። ፊልሙ ራሱ በዩክሬንኛ፣ በሁጹሎቹ አነጋገር የተሠራ ነው፣ ፓራጃኖቭ ወደ ሩሲያኛ ድምፁ እንዲገለበጥ አልፈቀደም። በ1968 የፖለቲካ ችሎቶችን ተቃውመው ለሶቪየቱ መሪ ለብሬዥኔቭ ከጻፉት 139 ሰዎች አንዱ እሱ ነው። ታኅሣሥ 1971 ሚንስክ ላይ ለወጣት አርቲስቶች ባደረገው ንግግር ባለሥልጣናቱን ሳይፈራ ተቸ፣ የስለላ ድርጅቱ የኬጂቢ ኃላፊ አንድሮፖቭ ሳይቀር ስለዚያ ንግግር ለፓርቲው ሪፖርት ጻፈ። በ1972 ዩክሬን ውስጥ ትልቁ አፈሳ መጣ፣ ድዚዩባ ታሰረ፣ ስቱስ ታሰረ፣ ቾርኖቪል ታሰረ። ታኅሣሥ 1973 ፓራጃኖቭ ታሰረ። ክሱ ግብረ ሰዶምና የብልግና ነገር ማሠራጨት የሚል ነበር፣ አምስት ዓመት ተፈረደበት።

ጸሐፊው ክሱን ብቻ አነበበና ወንጀለኛ ነው አለ። በዚያ አገር ሕግ እንደዚያ የሚል አንቀጽ እንደነበር አልክድም፣ ፓራጃኖቭ በ1948ም ትብሊሲ ውስጥ በተመሳሳይ ክስ ተፈርዶበት ከወራት በኋላ ተለቋል። እኔ የምጠይቀው ግን ለምን በዚያ ሰዓት ነው። ሰውዬው ለዓመታት ኪየቭ መሀል ከተማ ቤቱን ለሁሉም ከፍቶ የሚኖር ነው፣ ምንም የሚደብቀው ነገር የሌለው፣ ዓለም የሚያውቀው። የተያዘው ግን የፈረመባቸው ወረቀቶችና የተናገራቸው ንግግሮች ከተጠራቀሙና ጓደኞቹ ከታሰሩ በኋላ ነው። በፖለቲካ ክስ ቢያስሩት ጀግና ያደርጉታል፣ በዚህ ክስ ሲያስሩት ግን ሰው ስሙን ለመጥራት ያፍራል፣ ያደረጉትም ይሄንኑ ነው። ዛሬ ከሃምሳ ዓመት በኋላ በአማርኛ ተጽፎ ሳየው ያ ስሌት አሁንም እየሠራ መሆኑ ነው ያሳዘነኝ።

ምዕራባውያን የጻፉት ገድል ነው የሚለውም አይሄድም። በ1974 ለፓራጃኖቭ ቆመው ለዩክሬን ፓርቲ ማዕከላዊ ኮሚቴ የጻፉት ታርኮቭስኪና ሃያሲው ሽክሎቭስኪ ናቸው፣ ሁለቱም እዚያው ሶቪየት ውስጥ የሚኖሩ። ብሬዥኔቭን ለምኖ ያስፈታው ገጣሚው ሉዊ አራጎን ደግሞ ፈረንሳዊ ቢሆንም የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ነው፣ ነገሩን ወደ እሱ ያደረሰችው ሊልያ ብሪክ ሞስኮ የምትኖር የሚስቱ እህት ናት። ታኅሣሥ 1977 መጨረሻ ላይ ጊዜው ሳይሞላ አንድ ዓመት ያህል ሲቀረው ተፈታ፣ ኪየቭ እንዳይኖር ተከልክሎ ወደ ትውልድ ከተማው ትብሊሲ ተመለሰ። የካቲት 1982 ደግሞ በጉቦ ክስ እንደገና አሰሩት፣ ወራት አቆይተው በገደብ ለቀቁት።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ለጸሐፊው ልስጠው። ፓራጃኖቭ ስለ ራሱ የሚያወራውን ሁሉ አምኖ መቀበል አይቻልም፣ ወሬ አሳማሪ ነበር፣ ሰው መነካካት ይወድ ነበር፣ አድናቂዎቹም አንዳንዱን ተረት እንዳለ ወስደው አባዝተውታል። በዚህ በኩል «ገድል» የሚለው ቃል ትንሽ እውነት አለው። የእስር ዓመታቱ ግን ተረት አይደሉም።

አምስተኛው በቁጥር የሚከራከር ስለሆነ በቁጥር ልመልስ። ከ1969 እስከ 1985 አንድም ረጅም ፊልም አላወጣም፣ ከ45 እስከ 61 ዓመቱ ማለት ነው፣ ሌላው ዲሬክተር ዋና ሥራውን የሚሠራበት ዕድሜ። ልክ እንደፈቀዱለት በ1985 «የሱራም ምሽግ አፈ ታሪክ»ን፣ በ1988 ለታርኮቭስኪ መታሰቢያ ያደረገውን «አሺክ ኬሪብ»ን ሠራ፣ በ1989 የልጅነቱን ቤት የሚመለከት «ኑዛዜ» ጀምሮ ታመመ፣ በሐምሌ 1990 በሳንባ ካንሰር ሞተ። የቀሙትን ዓመት ከእሱ ላይ ቆጥሮ «ጥቂት ሠራ» ማለት ፍትሕ አይደለም። ደግሞ ጥቂት መሥራት ምንድነው ችግሩ፣ ፈረንሳዊው ዣን ቪጎ በ29 ዓመቱ ሲሞት አንድ ረጅም ፊልም ነው የነበረው፣ ከታላላቆቹ ተርታ ያወጣው ማንም የለም። እስር ቤት ስለገባ ነው የታወቀው የሚለውም በቀን መቁጠሪያ ይወድቃል፣ አርጀንቲና ማር ዴል ፕላታ ፌስቲቫል ላይ የተሸለመው በ1965 ነው፣ የታሰረው በ1973። እስሩ አውሮፓ ውስጥ ስሙን አጉልቶታል ከተባለ ግን እስማማለሁ።

እስር ቤት ውስጥም ቢሆን እጁ አልቆመም። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሥዕሎችና ኮላዦች (ቁርጥራጭ ነገር እያጣበቁ የሚሠሩ ሥዕሎች) ሠርቷል፣ ከወተት ጠርሙስ የአሉሚኒየም ክዳን ላይ በጥፍሩ ፊት እየቀረጸ ሜዳሊያ ያወጣ ነበር። እነዚህ ሥራዎች ከሌሎቹ ጋር የሬቫን በ1991 በተከፈተው ሙዚየሙ ውስጥ ይታያሉ። ካሜራ ያልተሰጠው ዲሬክተር ምን ሠራ የሚል ሰው እዚያ ሄዶ ማየት ይችላል።

የቀረው ለወጣቶቹ የተሰጠው ምክር ነው። ታሪክ መጻፍ ተማሩ በሚለው ማን ይቃወማል? ላይ ላዩን መቅዳት ባዶ ነው በሚለውም እስማማለሁ፣ ሌዲ ጋጋ ሳትቀር በ2020 ባወጣችው አንድ ክሊፕ የ«ሮማን ቀለም»ን ምስሎች ተውሳለች፣ ያምራል፣ ግን ምስሉ ብቻውን ሲወጣ ምን ያህል እንደሚቀንስ እዚያ ላይ በደንብ ይታያል። ከፓራጃኖቭ የሚወሰደው ሌላ ነገር ነው። አባቱ ትብሊሲ ውስጥ አሮጌ ዕቃ ነጋዴ ነበር፣ ልጁ በዕቃ መሀል ነው ያደገው፣ ስለዚህ ምንጣፍ፣ ጩቤ፣ ዳንቴል፣ ዳቦ፣ ዓሣ አንድ ክፈፍ ውስጥ ሲያስቀምጥ እያንዳንዱ ከየት መጣ ለማን ነበር የሚለውን አውቆ ነው። እኛ ጋ ባጀት የለም፣ መብራት የለም፣ ካሜራው የኪራይ ነው እየተባለ ለሚቸገር ልጅ ከዚህ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም፣ አያቱ ቤት ያለውን መሶብ፣ ሌማት፣ ዳዊት እንደ ጌጥ ሳይሆን እንደ ታሪክ ማየት ከቻለ ግማሹን ሠርቷል።

በመጨረሻ ዩትኬቪች ያደረገውን ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው። ጸሐፊው የጠቀሳቸው አንዳንድ ነገሮች፣ በተለይ ምዕራፎቹን የሚለያዩት የሩሲያኛ ጽሑፎች፣ ያየው ያንን እንደገና የተቆራረጠውን ቅጂ ሳይሆን አይቀርም ያስብላሉ። በ2014 ግን የጣሊያኑ የቦሎኛ ሲኔቴካ (የፊልም ቤተ መዛግብት) እና የማርቲን ስኮርሴዚ ፊልም ፋውንዴሽን የአርመንኛውን ቅጂ አድሰው አውጥተውታል፣ ለፓራጃኖቭ ሐሳብ የሚቀርበው እሱ ነው፣ ቀለሙም ሌላ ነው። አዲስ የሚጀምር ሰው መጀመሪያ «የተረሱ አባቶች ጥላ»ን ይይ፣ ታሪኩ ይዞት ይሄዳል፣ ከዚያ የ2014ቱን ቅጂ። ጸሐፊውም ያንን አይቶ፣ መጻሕፍቱ ጣሪያ ላይ የተዘረጉበት ጋ ሲደርስ ሳይቸኩል ጠብቆ፣ አሁንም አልበም ነው የሚል ከሆነ ይጻፍልኝ፣ አነበዋለሁ፣ እመልሳለሁም።